አንድ ብቻ ይተኛ፦ ደሴ ላይ ለፖክሞን ተጫዋቾችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር

አሰላሙ አለይኩም! ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አደራችሁ?

ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከከሚሴና ከወልዲያ በጠዋት ተነስታችሁ ደሴ የገባችሁ ተጫዋቾች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከቆላ ለመጣችሁት የጦሳ ብርድ እንደሚከብድ አውቃለሁ። አብሽሩ፣ ቡናው እየፈላ ነው።

እናቶችና አባቶች፣ እናንተም ክብር ይስጥልን። «ልጄ ስልኩ ላይ ተደፍቶ የሚውለው ምን አግኝቶ ነው?» ብላችሁ በዓይናችሁ ለማየት መምጣታችሁ በጣም አስደስቶኛል። ንግግሬን ያዘጋጀሁት እናንተም እንድትከተሉት አድርጌ ነው።

የማወራው ስለ አንድ ጉዳይ ነው። ስለ ማስተኛት። የተጋጣሚን ፖክሞን እንቅልፍ ላይ ስለሚጥሉ ጥቃቶች፣ ከዛሬ ጀምሮም ስለምንጫወትበት ሕግ። ሕጉ ሰሞኑን ሲያከራክራችሁ ሰንብቷል። «ተወስኗል» ብሎ ማለፍ ለእናንተ አይገባም። ስለዚህ ምክንያቱን ቁጭ ብለን እንየው።

ለማያውቁት በአጭሩ ልናገር። ፖክሞን የጃፓን ጨዋታ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ ቀይና አረንጓዴ የሚባሉት፣ በፈረንጆቹ 1996 ወጡ። ሐሳቡን የጠነሰሰው ሳቶሺ ታጂሪ ይባላል። በልጅነቱ ነፍሳት መሰብሰብ ይወድ ነበር። ጨዋታው ላይም ተጫዋቹ ልዩ ልዩ ፍጡራን ይይዛል፣ ያሳድጋል፣ ከሌላ ሰው ፍጡራን ጋር ያጋጥማል። እዚህ የምንጫወተው በስልክ ብሮውዘር፣ ፖክሞን ሾውዳውን በሚባለው ነፃ መድረክ ላይ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ስድስት ፖክሞን ይዞ ይገባል። ሜዳ ላይ ግን አንድ በአንድ ነው የሚጋጠሙት። በየዙሩ ሁለቱም ተጫዋቾች ይመርጣሉ፤ ወይ ያጠቃሉ፣ ወይ ሜዳ ላይ ያለውን ይቀይራሉ። ስድስቱም የወደቁበት ተሸነፈ። የጣት ፍጥነት አይጠየቅም። የሚጠየቀው ማሰብ ነው።

እንቅልፍ እዚህ ጋ ነው የሚገባው። የተኛ ፖክሞን ማጥቃት አይችልም። በአሁኖቹ ጨዋታዎች እንቅልፉ ከ1 እስከ 3 ዙር ይቆያል። ስንት እንደሚሆን ቀድሞ የሚያውቅ የለም። በ1996ቱ ጨዋታ እስከ 7 ዙር ይሄድ ነበር፤ በዚያ ላይ የነቃበት ዙር ራሱ ይባክናል። ገበጣ የተጫወተ ሰው ይሄ ይገባዋል። አንዱ ጠጠሩን ያዞራል፣ ሲጨርስ ተራው የሌላው ነው። አንደኛው እጁ ታስሮ ሌላኛው ደጋግሞ ሲያዞር አስቡት። ፖክሞኑ የተኛበት ልጅ እንደዚያ ይሆናል። መቀየር ይችላል። ካልቀየረ ግን ተራው እየመጣ ባዶውን ያልፈዋል።

አስተኚዎቹ ብዙ ናቸው። ጂግሊፓፍ ዘፍና ታስተኛለች። ቅጠላማዎቹ ዱቄት ይበትናሉ። ዳርክራይ ደግሞ ካስተኛ በኋላ በቅዠት ያሰቃያል፤ እሱ ሜዳ ላይ እያለ የተኛ ተጋጣሚ በየዙሩ ከሙሉ ጉልበቱ አንድ ስምንተኛ ያጣል።

እኔ በተለይ የምወደው ግን ድራውዚን ነው። ሲያድግ ሂፕኖ ይሆናል። በፖክሞኖች ዝርዝር ላይ ቁጥራቸው 96 እና 97 ነው። ድራውዚ የተቀዳው ጃፓኖች ባኩ ከሚሉት የተረት ፍጡር ነው። እኛ ዘንድ ሌሊት ደረት ላይ ተጭኖ ትንፋሽ የሚያሳጣ ዱካክ አለ። ስለ ዱካክ ከአያቱ የሰማ የወሎ ልጅ ባኩን ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም። ልዩነታቸው ደግሞ ይገርማል። ባኩ ለሰው ወዳጅ ነው። መጥፎ ሕልም ይበላል። በጃፓን ወግ ቅዠት ያየ ሰው ሲነቃ «ባኩ፣ ና ሕልሜን ብላልኝ» ብሎ ይጠራዋል። የጨዋታው ሰዎች ይህን ወስደው ወደ ጥቃት ቀየሩት። ድሪም ኢተር ይባላል። የመምታት ኃይሉ 100 ነው፣ የሚሠራው በተኛ ተጋጣሚ ላይ ብቻ ነው። ካደረሰው ጉዳት ግማሹ ደግሞ ለራሱ ለአጥቂው ጉልበት ሆኖ ይመለሳል። አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይህን ማሰቡ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ቁጥሩና ተረቱ አንድ ሆነዋል።

ጀማሪዎች ይህን ጥንድ ሲያገኙ ሌላ ነገር አይታያቸውም። በሂፕኖሲስ ማስተኛት፣ ከዚያ በድሪም ኢተር መብላት። ልጆች፣ እስኪ አብረን እናስላው። ሂፕኖሲስ የመምታት ዕድሉ 60 ከመቶ ነው። ዳይመንድና ፐርል በሚባሉት ጨዋታዎች 70 ተደርጎ ነበር፣ ቀጥሎ በወጣው በፕላቲነም ወደ 60 መለሱት። ስለዚህ ከአሥር ሙከራ አራቱ እንደሚስት ቁጠሩ። ቢመታስ? ተጋጣሚያችሁ የተኛውን አውጥቶ ሌላ ያስገባል። የገባው ንቁ ነውና ድሪም ኢተር ባዶ ይመታል። ባይቀይርም በሚቀጥለው ዙር ሊነቃ ይችላል። ስለዚህ ይህ ጥቃት ሁለት ጊዜ ያስጨንቃል። መጀመሪያ መምታቱ፣ ቀጥሎ ተጋጣሚው ምን እንደሚያስብ። እንዲህ ዓይነት ጥቃት ማንንም አይበድልም። ደፍሮ የሚጠቀም ልጅ ቢያሸንፍ ይገባዋል።

ክርክሩን ያመጣው ስፖር የሚባለው አስተኚ ጥቃት ነው። ብሬሉምና አሙንጉስ የሚባሉት ፖክሞኖች አላቸው። የመምታት ዕድሉ 100 ከመቶ ነው። ገደብ ከሌለ ምን እንደሚሆን ተከታተሉኝ። ብሬሉም የመጀመሪያውን ያስተኛል። ተጋጣሚ ይቀይራል። ብሬሉም በዚያው ዙር ስፖር ይደግማል፣ የገባውም ይተኛል። እንደገና ይቀይራል፣ ሦስተኛውም ይተኛል። ወጥቶ የተቀመጠው እስኪነቃ ልጠብቅ ብትሉ አይነቃም፤ የእንቅልፍ ዙር የሚቆጠረው ፖክሞኑ ሜዳ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። መከላከያ ያላዘጋጀ ተጫዋች በስድስት ዙር ስድስቱም ይተኙበታል።

ባለፈው ውድድራችን ይህ ሆኗል። አንዲት ታዳጊ ስድስቱም ተኝተውባት ጨዋታው ሳያልቅ ስልኳን ዘግታ ወጣች። ተከትለናት ስንጠይቃት «ምንም አልተጫወትኩም እኮ» አለች። እውነቷን ነው። ቡድኗን ለመሥራት ምሽቶቿን ሰጥታለች፣ ከሩቅ መጥታለች፣ ከዚያ የሌላ ሰው ጨዋታ አይታ ተመለሰች። ያሸነፋት ልጅ ሕግ አልጣሰም። ሕጉ አልነበረም። ማንም እሱን እንዳይወቅስ አደራ። ክፍተቱን መድፈን የእኛ የአዘጋጆቹ ሥራ ነው፣ ይኸው ዛሬ እየደፈንነው ነው።

ሕጉ አጭር ነው። በአንድ ጊዜ ከተጋጣሚ ቡድን ማስተኛት የሚቻለው አንድ ፖክሞን ብቻ ነው። ያ ከነቃ ወይም ከወደቀ ሌላ ማስተኛት ይቻላል። ሁለተኛ ለማስተኛት የሞከረ ሰው ጥቃቱ ይከሽፍበታል፣ ዙሩም ይባክንበታል። ሾውዳውን ላይ ይህ ቅንብር ስላለ የምትቆጥሩት ነገር የለም፣ መድረኩ ራሱ ያስከብረዋል።

«የዓለም ሻምፒዮናው ላይ እንዲህ ያለ ሕግ የለም፣ እኛ ከማን በልጠን ነው?» ያላችሁ አላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የዓለም ሻምፒዮናው ሁለት ለሁለት ነው። ከስድስት አራት ተመርጦ ይገባል፣ ሜዳ ላይ ሁለት ሁለት ይቆማሉ። አንዱ ቢተኛ ጓደኛው ይሠራል። ተጫዋቹ በየዙሩ የሚያደርገው አያጣም። የእኛ አንድ በአንድ ነው። የቆመው ከተኛ በቃ፣ ተራው ሞተ።

እዚያም ቢሆን እንቅልፍ ልክ ያለፈበት ጊዜ ነበር። ስሚርግልን ታውቁታላችሁ፣ ባለ ቀለም ጭራውን ውሻ። የማንንም ጥቃት መቅዳት ይችላል። የዳርክራይን ዳርክ ቮይድ ቀድቶ መጣ። ያኔ ዳርክ ቮይድ ሁለቱንም ተጋጣሚዎች አንድ ላይ ያስተኛል፣ የመምታት ዕድሉም 80 ከመቶ ነበር። በ2016 ሰንና ሙን የሚባሉት ጨዋታዎች ሲወጡ ሠሪዎቹ ዕድሉን ወደ 50 አወረዱት፣ ከዳርክራይ በቀር ለማንም እንዳይሠራ አደረጉት። ጨዋታውን የፈጠሩት ሰዎች ራሳቸው «ይሄስ በዛ» ብለዋል ማለት ነው። ደግሞ የእኛ ሕግ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ድሮ በኒንቴንዶ 64 የነበረው ፖክሞን ስታዲየም፣ አንዱ ተኝቶ እያለ ሌላው እንዳይተኛ የሚከለክል ሕግ ነበረው። አንድ በአንድ የሚጫወቱ ሰዎች ከዚያ ወዲህም ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

በሌላ በኩል «ጠቅላላ ይከልከል» ያላችሁም አላችሁ። በዚህ አልስማማም። እንቅልፍ ከጨዋታው ቢወጣ ብዙ ነገር ይዞ ይሄዳል። ስኖርላክስን ውሰዱ። በመጀመሪያው ጨዋታ መንገድ ዘግቶ ተኝቶ የምታገኙት እሱ ነው፣ የምትቀሰቅሱትም በዋሽንት ነው። የወሎ ልጅ ይህን ሳይወድ አይቀርም። ስኖርላክስ ሬስት የሚባለውን ተጠቅሞ በፈቃዱ ሁለት ዙር ይተኛል፣ ጉልበቱ ሙሉ ይሆናል፣ መርዝም ሽባነትም ይለቀዋል። ስሊፕ ቶክ ካለው ደግሞ ተኝቶ እያለ ከሌሎቹ ጥቃቶቹ አንዱን በዕጣ ያወጣል። ያውን የሚባለውንም አስቡት። ወዲያው አያስተኛም፣ ያዛጋል። ተጋጣሚው እስከሚቀጥለው ዙር መጨረሻ ካልቀየረ ይተኛል። ምርጫ ይሰጣል ማለት ነው፤ ቆይቶ መምታት ወይስ ሸሽቶ ቦታ መልቀቅ? እንዲህ ያለውን ነገር መከልከል ጨዋታውን ማድከም ነው።

መከላከያውም ሞልቷል፣ ተማሩት። ኤክስና ዋይ ከሚባሉት የ2013 ጨዋታዎች ጀምሮ ቅጠላማዎቹን፣ የሳር ዓይነት የሚባሉትን ፖክሞኖች፣ ስፖርም ስሊፕ ፓውደር የሚባለው አስተኚ ዱቄትም አይነካቸውም። ስለዚህ ቡድናችሁ ውስጥ አንድ የሳር ዓይነት ይኑር። ቼስቶ የሚባለው ፍሬ የተኛን ወዲያው ይቀሰቅሳል፣ ግን አንዴ ነው፣ ተበልቶ ያልቃል። ኢንሶምኒያ የሚባል ተፈጥሮ ያላቸው ጭራሹኑ አይተኙም። ጉዳት የማያደርሱ ጥቃቶችን የሚከለክለው ታውንት ደግሞ አስተኚውን ቀድማችሁ ካገኛችሁት ስፖሩን አፉ ላይ ያስቀርበታል። ብሬሉም ፈጣን አይደለም። ፈጣን ታውንት ያለው ልጅ ሊፈራው አይገባም።

ሕጉ ስለተሠራ እነዚህን አላጠናም የሚል ካለ አይሳሳት። አንድ ፖክሞን ዛሬም ይተኛል። የትኛው ይተኛ የሚለው ደግሞ ከባድ ውሳኔ ነው። ብዙ ጊዜ ጎበዝ ተጫዋች ለጨዋታው ብዙም የማይፈልገውን ሆን ብሎ አስገብቶ ያስተኛል፣ ቀሪዎቹ አምስቱ ነፃ ይሆናሉ። አስተኚውም ይህን ያውቃል፣ ስለዚህ ስፖሩን ለዋናው ያስቀምጣል። እኔ ከሁሉም የምጓጓው ይህን ለማየት ነው። ሁለት ልጆች ማን ይተኛ በሚለው ላይ ብቻ ዙር ከዙር ሲፈላለጉ ወላጆችም ታያላችሁ፣ ቼዝ ላይ እንዳለ ሰው ዝም ብለው ሲያስቡ።

ከመጀመራችን በፊት ሦስት ነገር ላስታውቅ። አንደኛ፣ በሬስት ራሱን ያስተኛ ፖክሞን አይቆጠርም። የእናንተ ስኖርላክስ በፈቃዱ ቢተኛ፣ ተጋጣሚያችሁ አሁንም አንድ ማስተኛት ይችላል። ይህን ብዙ ሰው ያምታታዋል። ሁለተኛ፣ በያውን የተኛ ይቆጠራል። ሦስተኛ፣ ኔትወርክ ከተቆራረጠ ወይም መብራት ከጠፋ ማንም አልተሸነፈም፤ እጃችሁን አውጡ፣ ዳኛው ጨዋታውን እንደገና ያስጀምራል።

ጨዋታ ስትከፍቱ የእንቅልፉ ሕግ ቅንብር መከፈቱን ሁለታችሁም አረጋግጡ፣ ከዚያ ነው መጀመር የምትችሉት። ካልገባችሁ ዳኞቹ በር አካባቢ ናቸው፣ ጠይቁ። የመጀመሪያው ዙር ተጋጣሚዎች ስም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ቦታ ቦታችሁን ያዙ።

አመሰግናለሁ።