ይሉኝታና እጅጌ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ማራገቢያውን አጥፍቼ ነው የምቀዳው፤ ድምፁ ማይኩ ውስጥ ይገባል። የድሬን ሙቀት የምታውቁ ታዝኑልኛላችሁ። የባጃጅ ጡሩምባ ከሰማችሁ ደግሞ፣ ያው መንገድ ዳር ነው ያለሁት፤ ምን ላድርግ አቦ።

ባለፈው ክፍል የባንክ ሥራዬን ትቼ ልብስ ስፌት እንደጀመርኩ ነግሬያችሁ ነበር። ብዙ መልእክት ደረሰኝ። «ጀግና ነሽ»፣ «ሰው ምን ይለኛል ሳትዪ የልብሽን አደረግሽ» ምናምን። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። እሱ ነው እንግዲህ ያሳሰበኝ።

ከአባዬ ልጀምር። አባዬ የምድር ባቡር ሰው ነበር፤ ዕድሜው ወርክሾፕ ውስጥ ነው ያለቀው። በሱ ጊዜ ድሬ ላይ የምድር ባቡር ሠራተኛ ከሆንክ ባለሱቁ ሳይጠይቅ በዱቤ ይሰጥሃል፤ ሚስት ለማግባት ሽማግሌ ብትልክም ብዙ አትመረመርም። ከተማዋ ራሷ የባቡር ልጅ አይደለች? ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር የታሰበው፤ ተራራው አስቸገረና ከታች ቀረ። መጀመሪያ ስሟን ራሱ «አዲስ ሐረር» ነበር ያሏት። የሐረር ጓደኞቼ እስከ ዛሬ በዚህ ያሾፉብናል።

ከዚያ አሮጌው ባቡር እየደከመ እየደከመ ቆመ። አዲሱ በ2009 ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ አባዬም ጡረታ ላይ ነበር። የሰፈሩ ከበሬታ ቀስ ብሎ ወደ ባንክ ቤት ሄደ። እኔም ተከትዬው ሄድኩ። አካውንቲንግ ተማርኩ፣ ተቀጠርኩ፣ እማዬ ቡና ላይ «ልጄ ባንክ ናት» ስትል ድምፅዋ ከፍ ይል ነበር። ያ ድምፅ ነው አራት ዓመት ያስቀመጠኝ። ደሞዙ አይደለም፤ ደሞዙንማ ታውቁታላችሁ።

ይሉኝታ የሚለውን ቃል አስቡት። ውስጡ «ይሉኛል» አለ። ማን ነው የሚለኝ? ልሰድበው ግን አልፈልግም። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሰፈር ጠርጎ ሲሄድ እማዬ አራት ሰው ቤታችን አሳድራለች፤ ሁለቱን በመልክ እንኳን አታውቃቸውም ነበር። ያን ሌሊት በር የከፈቱት የሰፈራችን ሴቶች ናቸው ሥራ ስለቅ «ምን ነካት?» ያሉት። አፋቸውን ጠልቼ በራቸውን መውደድ አልሆነልኝም።

እና ወጣሁ። መኪና ገዛሁ፤ የስፌት ማለቴ ነው፣ በእግር የሚረገጥ አሮጌ ሲንጀር። የሰፋሁትን ፎቶ እያነሳሁ መለጠፍ ጀመርኩ። ሳላውቀው ለፎቶ የሚያምር ነገር ብቻ መምረጥ መጣ። አንድ ቀን አንዲት እናት የልጇን ዩኒፎርም ይዛ መጣች፤ እጅጌው ተቀዶ እንደገና እንዲገባ። «በሚቀጥለው ሳምንት» አልኳት። ሥራ በዝቶብኝ እንዳይመስላችሁ፤ ባዶዬን ነበርኩ። የተማሪ ዩኒፎርም ማን ያይልኛል ብዬ ነው። ሴትየዋ ተመልሳ አልመጣችም።

እንግዲህ ምን ተለወጠ? ቡና የሚጠጡትን ጎረቤቶች በስልክ ተመልካች ቀየርኩ፣ ሌላ ምንም። እንዲያውም ጎረቤቶቼ ስታመም ሾርባ ያመጣሉ።

በዚያ ሰሞን ሐረር ሄድኩ። ደንገጎን ስትወጡ ነፋሱ ይቀየራል፣ አወዳይ ላይ ሚኒባሱ በጫት ገበያ ይታነቃል፣ ከዚያ ጀጎል። መኪና ግርግርን ታውቁታላችሁ? ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ የሚገባው የልብስ ሰፊዎች መንገድ፤ ስሙ የመጣው ከስፌት መኪናው ጩኸት ነው። አንድ አዛውንት ሱሪ እያሳጠሩ ነበር። የሰፋሁትን ቀሚስ አውጥቼ አሳየኋቸው። ከላይ አላዩትም። ገለበጡትና የውስጡን ስፌት፣ ብብቱ ጋ፣ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

እጅጌ ሰፍታችሁ ካላወቃችሁ ልንገራችሁ፦ የእጅጌው አናት ከሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ በሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ይበልጣል። ትርፉን ሳትቆርጥ፣ ሳታሸበሽብ፣ በጣትህ እየሰበሰብክ ታስገባዋለህ። ካልቸኮልክ ይጠፋል፤ ትከሻው ክብ ሆኖ ይቀመጣል። እኔ ቸኩዬ ነበር። ከውጭ ተኩሼው ስለነበር ፎቶ ላይ አይታይም።

«ፍቺና ድገሚው፣ ልጄ» አሉኝ፤ ወደ ሱሪያቸው ተመለሱ። ባንክ ትቼ እንደመጣሁ ልነግራቸው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ታሪኬን ማለቴ ነው፣ እናንተ ያጨበጨባችሁለትን። የሚያስገባው ክፍተት አልተገኘም።

ቤቴ ገብቼ ፈታሁት። የመጀመሪያው አልሆነም። ሁለተኛው ላይ መብራት ሄደ፤ መኪናው የእግር ስለሆነ በሻማ ቀጠልኩ። ስንት ሰዓት እንደሆነ አላወቅሁም። ስልኬ የት እንደነበረ ጠዋት ነው የፈለግኩት።

ቀሚሱን ፎቶ አላነሳሁትም፤ ባለቤቷ ለብሳው ሄዳለች። ሙያ በልብ ነው እያልኩ እዚህ ማይክ ላይ ማውራቴ ያስቃል፣ አውቃለሁ። ይህን ክፍል ስንት ሰው እንዳዳመጠው ነገ ጠዋት ማየቴም አይቀርም። ዩኒፎርሙን ግን አፈላልጌ ሴትየዋን አግኝቻታለሁ፤ ቅዳሜ ታመጣልኛለች።

ማራገቢያውን ልክፈት፣ በላብ አለቅሁ። ደህና ሁኑ።