«ፈርመህ ውጣ» ለተባሉ ተጫዋቾች የተሰጠ የሕግ ምክር

በባሕር ዳር በሚተላለፈው የሕግ ምክር ክፍለ ጊዜ ላይ ቁማር ቤቶችና የውርርድ ቤቶች ጎበዝ ተጫዋችን ይዘው ስለማቆየታቸው ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች የሰጠኋቸው መልሶች ናቸው።

ከሽምብጥ የደወሉ እናት፦ ላስ ቬጋስ ያለው ልጄ ብላክጃክ የሚባለውን የካርታ ቁማር ሲጫወት የወጡትን ካርታዎች በልቡ እየቆጠረ ቢያሸንፍ ጥበቃዎች ጓዳ አስገብተው አቆዩት። ጥፋት ሠርቷል?

እናቴ፣ ያለ መሣሪያ በአእምሮ ብቻ ካርታ መቁጠር ላስ ቬጋስ ባለችበት የአሜሪካ ግዛት በኔቫዳ ወንጀል አይደለም። ቤቱ ግን «ከእንግዲህ አትጫወት፣ ውጣ» ሊለው ይችላል፤ እንዳይመለስ ከተነገረው በኋላ ቢገባ ክልከላ ጥሶ በመግባት ይጠየቃል። ይዞ ማቆየት የሚፈቀደው ማጭበርበሩን የሚያስጠረጥር በቂ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው፤ ያውም በአግባቡና ለተመጣጣኝ ጊዜ። ልጅዎ ምንም ወረቀት እንዳይፈርም ይንገሩት፤ የዚያው አገር ጠበቃም ያማክር።

በየትኛውም ግዛት ማስወጣት ይችላሉ?

በሁሉም አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ1982 የኒው ጀርሲ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካርታ በመቁጠር በታወቀው ተጫዋች በኬን አስተን ጉዳይ፣ ቁማር ቤቶች በራሳቸው ሥልጣን ካርታ ቆጣሪን ማስወጣት እንደማይችሉ ወስኗል።

ከዓባይ ማዶ የደወለ ወጣት፦ የስፖርት ውርርድ ቤት ውስጥ ደጋግሜ ሳሸንፍ «ትኬት ቀይረሃል» ብለው በር ዘግተው እስከ ማታ ያዙኝ። የሰጡኝን ወረቀት ፈርሜ ወጣሁ።

ወንድሜ፣ በየሳምንቱ የምሰማው ይህንኑ ስለሆነ ጊዜ ወስጄ ልመልስልህ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2040 ያለ ሕጋዊ ሥልጣን ሰውን እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን፣ ጥፋት ነው ይላል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 585 በእስራት ያስቀጣል። ጥበቃ እንደማንኛውም ግለሰብ ሰውን መያዝ የሚችለው ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል እጅ ከፍንጅ ሲያገኝ ነው፤ ያን ጊዜም ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት እንጂ ራሱ መርማሪና ዳኛ መሆን አይችልም። ጥርጣሬ ካላቸው ፖሊስ ይጥሩ፤ ካልጠሩም አንተ ጥራ።

አንድ ደንበኛዬ ያመጣልኝ ወረቀት ከደረሰኝ ጥራዝ ተቀዶ ከጀርባው በእስክሪብቶ የተጻፈ ነበር፤ «አጭበርብሬአለሁ፣ ያሸነፍሁትን አልጠይቅም» ከሚለው በታች የአውራ ጣቱ ሰማያዊ አሻራ ተጨፍልቆ ይታያል። ልጁ እናቱ እንዳይጨነቁ ቶሎ ቤቱ መግባት ብቻ ነበር የፈለገው። «ፈርሞ መገላገል» የሚሉት ልማድ ግን አይገላግልም፤ ያች ወረቀት ነገ በአንተው ላይ ማስረጃ ሆና ትቀርባለች፣ በማስፈራራት የተገኘች መሆኗን የማስረዳት ሸክምም አንተ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቢያመሻሹህም አትፈርም። «ፖሊስ ጥሩልኝ» በል፤ ስትገባና ስትወጣ ሰዓቱን ልብ በል፤ ትኬትህን አትስጥ፤ ማን ከበሩ እንደቆመ አስታውስ። ፖሊስ ከያዘህ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ዝም የማለት መብት አለህ፤ ለጉዞ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ልትቀርብ ይገባል።

ጥበቃውን ገፍትሬ ብወጣስ?

ፈጽሞ አታድርገው። የተበደልህ ሆነህ ሳለ ተከሳሽ ትሆናለህ።

ስልኬን ሊፈትሹ ይችላሉ?

በግድ አይችሉም። አትታገላቸው፣ አትፈርም፣ ፖሊስ ጥራ።

ከዘጌ የደወሉ አባት፦ ልጄ እንዲሁ ተይዞ ከፈረመ ዓመት ከስምንት ወር ሆነው። አለፈበት?

አላለፈበትም፤ ነገር ግን ጊዜው እየተጠናቀቀ ነው። ለደረሰ ጉዳት ካሣ መጠየቂያውም፣ በማስፈራራት የተፈረመ ውል ማስፈረሻውም ሁለት ዓመት ነው። የወረቀቱን ቅጂና ትኬቱን ይዛችሁ በዚህ ሳምንት ጠበቃ ዘንድ ሂዱ፤ አቅም ከሌላችሁ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጥ እዚያ ጠይቁ።