ዕዳውም ክብደቱም አብረው እንዲቀንሱ

ክቡራትና ክቡራን፣ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ብዙ ቤተሰብ ዕዳም ከመጠን ያለፈ ክብደትም ሲያስጨንቀው «መጀመሪያ ዕዳችንን እንጨርስ፣ ጤናው ከዚያ በኋላ ይደረስበታል» ይላል። እኛ ሁለቱን አብሮ መጀመር ይሻላል እንላለን። ሁለቱንም የሚነካ አንድ የወጪ መስመር አለና፤ እሱም የምግብ ወጪ ነው። ዳሩ ግን አብረው ቢጀመሩም እኩል አይራመዱም። ይህን ሳያውቅ የገባበት ቤተሰብ ጥቂት ወራት ሄዶ ተስፋ ይቆርጣል፤ ስለዚህ ከሒሳቡ እንነሣ።

በዓመት 24 በመቶ ወለድ የሚታሰብበት የ10,000 ዕዳ አለ እንበል። ገንዘቡ የየትኛውም አገር ይሁን፣ ስሌቱ አንድ ነው። ወለዱ በወር 2 በመቶ ስለሚሆን የመጀመሪያው ወር 200 ይመጣል። ቤተሰቡ በወር 300 ቢከፍል ከዋናው ብድር የሚነካው 100 ብቻ ነው፤ ዕዳው ለማለቅ 56 ወር ይፈጅበታል፣ ለወለድ ብቻም 6,600 ያህል ይከፍላል። በወር 400 ቢከፍል ግን በ35 ወር ይጨርሳል፣ ወለዱም ወደ 4,000 ይወርዳል። በወር 100 በመጨመሩ 21 ወር ያተርፋል።

አሁን 400ውን ተከትለን እንሂድ። የመጀመሪያው 5,000 እስኪከፈል 20 ወር ተኩል ይወስዳል፤ የቀረው 5,000 ግን በ14 ወር ተኩል ያልቃል። ዋናው ብድር ባነሰ ቁጥር ወለዱም ስለሚያንስ፣ ከዚያው 400 ውስጥ ለዋናው የሚተርፈው እየጨመረ ይሄዳል። ዕዳ ሲጀመር ይጎተታል፣ ወደ መጨረሻው ይፈጥናል።

ክብደት የዚህ ግልባጭ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሚዛኑ ቶሎ ይወርዳል፤ የወረደው ግን በአብዛኛው ውኃ ነው። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ የሚከማቸው ግላይኮጅን የተባለ የስኳር ስንቅ በእያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቆያል፤ እሱ ሲቀንስ ውኃውም ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ስቡ ነው። 1 ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ፣ ሰውነት ከሚያቃጥለው በቀን 500 ካሎሪ አሳንሶ የሚበላ ሰው በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ይቀንሳል። 10 ኪሎ ከቀነሰ በኋላ ግን ሰውነቱ ቁጭ ብሎ እንኳ በቀን 100 ካሎሪ ያህል አሳንሶ ያቃጥላል፤ የሚሸከመውም ስለቀለለ በእንቅስቃሴ የሚያወጣው አብሮ ይቀንሳል። ሰውየው ምንም ሳያጠፋ፣ ያንኑ እየበላ፣ ሚዛኑ ይዘገያል። በዚያ ወቅት የሚሰማው ብስጭት ነው ብዙውን ሰው ወደ ድሮው የሚመልሰው።

ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ በአንድ ዓምድ የቀረውን ዕዳ፣ በሌላው የሳምንቱን አማካይ ክብደት። መጀመሪያ ላይ ዕዳው ፈቀቅ አልል ሲል ክብደቱ ያበረታል፤ ክብደቱ ሲቆም ደግሞ ዕዳው ይፈጥናል። «አማካይ» ያልነው ክብደት በጨው፣ በውኃና በሆድ ዕቃ ምክንያት ከቀን ወደ ቀን 1 ወይም 2 ኪሎ ሊዋዥቅ ስለሚችል ነው። ጠዋት፣ ከሽንት ቤት መልስ፣ ከቁርስ በፊት በሳምንት ሦስት ቀን ተመዝናችሁ አማካዩን ውሰዱ። የወገብ ዙሪያም በወር አንድ ጊዜ ይለካ፤ ሜትሩ ከታችኛው የጎን አጥንትና ከዳሌው አናት መካከል ላይ ያርፋል፣ የሚነበበውም ትንፋሽ ከወጣ በኋላ ነው። የወገብ ዙሪያ ከቁመት ግማሽ በታች እንዲሆን ይመከራል።

በጀቱን በተመለከተ፣ የመጀመሪያውን ወር ምንም ሳትለውጡ የወጣውን ሁሉ መዝግቡ። ሳይመዘገብ የተሠራ በጀት ምኞት ነው። ከዚያ ዕዳዎቹን በዝርዝር አስቀምጡ፤ የቀረው መጠን፣ ወለዱ፣ ዝቅተኛው የወር ክፍያ፣ የመክፈያው ቀን፣ የመዘግየት ቅጣቱ። ብዙ በጀት የሚፈርሰው በዓመት አንዴ በሚመጡ ወጪዎች ነው፤ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ጥገና፣ ግብር። እነሱን ደምራችሁ ለ12 በማካፈል በየወሩ አስቀምጡ። ጥቂት መጠባበቂያ ከሌለ አንድ ሕመም አዲስ ብድር ያስወስዳልና፣ የአንድ ወር መሠረታዊ ወጪ እስኪጠራቀም ከዝቅተኛው ክፍያ በላይ አትሂዱ። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ሁሉ ወለዱ ከፍተኛ ወደሆነው ዕዳ ይሂድ። በሒሳብ ርካሹ መንገድ እሱ ነው። ትንሹን ዕዳ አስቀድሞ መዝጋት ቤተሰቡን የሚያነቃቃ ከሆነ እንደዚያ ቢደረግ አንቃወምም፤ ጥቂት ወለድ ያስጨምራል እንጂ። ቤት ወይም የሥራ መሣሪያ የተያዘበት ዕዳ ግን ወለዱ ቢያንስም ክፍያው ፈጽሞ አይዘለልም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ምግቡ እንምጣ። ዕዳ ሲከብድ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚቆርጠው የምግብ ወጪን ነው፤ ኪራይም ወለድም አይደራደሩም፣ ምግብ ግን እሺ ይላል። በጭፍን ሲቆረጥ ቀድመው የሚጠፉት አትክልት፣ ፍራፍሬና ፕሮቲን ናቸው። ቀሪው ነጭ ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት ይሆናል፤ በካሎሪ ሲሰላ ከሁሉም የሚረክሱት እነዚህ ናቸውና። ወጪው ይቀንሳል፣ ረኀቡ ይበረታል፣ ክብደቱም ይጨምራል። ቤተሰቡ «እየተራብን እንዴት እንወፍራለን» ብሎ ግራ ይጋባል።

ከዚህ የሚያወጣው ፕሮቲንን በዋጋው ማስላት ነው። የምግቡን ዋጋ በውስጡ ባለው የፕሮቲን ግራም አካፍሉ። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 350 ያህል ካሎሪ አለው፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ፕሮቲንና 70 ካሎሪ። ጥራጥሬ በዚህ ስሌት ብዙውን ጊዜ ሥጋን ያስከነዳል፤ በዚያ ላይ ፋይበሩ ሆድን አጥግቦ ያቆያል። ክብደት እየቀነሰ ያለ ጤነኛ አዋቂ ጡንቻው እንዳይሳሳ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1.2 ግራም ያህል ፕሮቲን ቢያገኝ ጥሩ ነው፤ የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን መጠኑን ከሐኪሙ ይጠይቅ።

ሁለተኛው ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አለው። ለአምስት ሰው ሲበስል በዓይን ግምት 10 ማንኪያ ይፈስ የነበረው ተለክቶ 4 ቢሆን፣ በቀን 720 ካሎሪ ከድስቱ ይወጣል፤ ለእያንዳንዱ ሰው 144 ማለት ነው። በገንዘብ በኩልም ስድስቱ ማንኪያ 90 ሚሊ ሊትር ነው፤ በ30 ቀን 2.7 ሊትር ዘይት ሳይገዛ ይቀራል። ከዕዳውም ከክብደቱም እኩል የሚቀንስ እንዲህ ያለ ለውጥ ጥቂት ነው፤ የሚጠይቀውም አንድ ማንኪያ ጠርሙሱ አጠገብ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ለስላሳ መጠጥም እንዲሁ ነው፤ 330 ሚሊ ሊትሩ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው፣ ሆድ ግን እንደ ምግብ አይቆጥረውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እንላለን። ያልተገዛው ዘይትና ለስላሳ በራሱ ዕዳ አይከፍልም። የተረፈው ገንዘብ በዚያው ቀን ወደ ዕዳው መክፈያ ካልተላለፈ እስከ ወሩ መጨረሻ በሌላ ወጪ ይበላል። የሳምንቱን የምግብ ገንዘብ ለብቻው ለዩት፤ በሳምንቱ መጨረሻ የተረፈው፣ ትንሽም ቢሆን፣ ያኔውኑ ይተላለፍ።

በጅምላ መግዛት የሚያዋጣው ለጥራጥሬና ለእህል ነው። ብስኩትና ጣፋጭ በጅምላ ከተገዛ ቤት ስላለ ብቻ ቶሎ ይበላል። ለማቅጠኛ ተብሎ የሚሸጥ ሻይና ክኒን አትግዙ፣ በብድር ደግሞ በፍጹም። የረጅም ጊዜ ውል ያለው የስፖርት ቤትም ሌላ ዕዳ ነው። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ መግፋት ጡንቻን ይጠብቃል።

ዕዳ ለመክፈል የሌሊት ሥራ የጨመራችሁ እንቅልፋችሁን ቁጠሩ። እንቅልፍ ሲያንስ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፣ የደከመ ሰውም ምግብ አያበስልም፣ ገዝቶ ይበላል። የተጨመረው ገቢ በዚያ በኩል የሚያልቅ ከሆነ ሥራው አላዋጣም።

ልጆች በዚህ ዕቅድ ክብደት ቀናሾች አይደሉም። ድስቱ አንድ ይሁን፣ የሰሃኑ መጠን ይለያይ፤ የሚያድግ ልጅ እስኪጠግብ ይብላ። ማዕድ ላይ ስለ ማንም ውፍረት አይወራ። ዕዳውን ግን ለሚገባቸው ልጆች ሳታስፈራሩ ንገሯቸው፤ ለምን እንደተቀነሰ የማያውቅ ልጅ እንደተቀጣ ይሰማዋል። ነፍሰ ጡር ሴት ክብደት ለመቀነስ ብላ ምግብ አትቀንስ፤ የምታጠባ እናትም ሐኪም ሳታማክር አትጀምር። ኢንሱሊን ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ምግቡን ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ያነጋግር፤ መድኃኒቱ ሳይስተካከል ምግብ ሲያንስ የደም ስኳር አደገኛ በሆነ መጠን ሊወርድ ይችላል።

በመጨረሻም ክፉ ወር መምጣቱ አይቀርም፤ ሥራ ይቋረጣል፣ ሰው ይታመማል። ለዚያ ወር የሚሆነውን ዕቅድ ደህና በሆናችሁበት ጊዜ ጻፉት። በዚያ ወር ዝቅተኛው ክፍያ ብቻ ይከፈላል፤ ክብደቱም ይቀንስ አይባልም፣ ባለበት ከቆየ በቂ ነው። ዝቅተኛው ክፍያ እንኳ የማይቻል ከሆነ ከመክፈያው ቀን በፊት አበዳሪው ዘንድ ሂዱ፤ የገቢና የወጪ መዝገባችሁን ይዛችሁ በወር ስንት መክፈል እንደምትችሉ በቁጥር ንገሩት። የተስማማችሁበትንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

አመሰግናለሁ።