አመክሮ ከመድረሱ በፊት፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን እንግዶች፣ የሀገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች፣ የተከበራችሁ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች ማኅበራችን አባላት፦

እንኳን ወደ ደብረ ብርሃን በሰላም መጣችሁ። ከሸዋ ሮቢት በስስ ሸሚዝ የመጣችሁትን ሳይ አሳዘናችሁኝ። ጣርማ በር ላይ ስትደርሱ ጋቢ አውጡ እያልን በየዓመቱ እንናገራለን፤ በየዓመቱ ሰሚ የለም። መንገዱ አልመች ብሏቸው የቀሩ የመንዝና የመርሐቤቴ አባሎቻችን ሰላምታ ልከዋል።

የዓመቱን ሥራ ጸሐፊያችን ያቀርባል፤ ሒሳቡን ደግሞ ኦዲተራችን። እኔ አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። ታራሚ ሲፈታ ዘግይተን ነው የምንነሳው። ሰውየው በሩን ከወጣ በኋላ እንሯሯጣለን። ሥራው ያለው ግን ከዚያ በፊት ነው።

ስለ አመክሮ፣ ማለትም ፍርዱ ሳያልቅ በጠባይ ስለ መፈታት፣ ሕጉ የሚለውን ታውቃላችሁ። ታራሚው ከተፈረደበት ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ፣ ዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት ሲሞላው፣ ጉዳዩ ይታያል። ጠባዩ ይመዘናል። ይህን ማረሚያ ቤቱ ይሠራዋል፤ መዝገብ አለው፣ ኮሚቴ አለው። የወንጀል ሕጋችን ቁጥር 202 ግን ሌላም ይጠይቃል። ታራሚው ፍርድ ቤት የወሰነውን ወይም ከተበዳዩ ጋር የተስማማበትን ካሳ አቅሙ በፈቀደ መጠን ከፍሏል ወይ? ነገሩ የሚላላው እዚህ ጋ ነው። ታስሮ የተቀመጠ ሰው በምን እግሩ ሄዶ ነው የሟችን ወንድም የሚያናግረው? የሚሄድለት ሰው ያስፈልገዋል።

አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። ስምም ቀበሌም አልጠራም። ሰውየው ከመንዝ ወገን ነው። በጠብ መሀል ሰው ገድሎ ተፈረደበት። ውስጥ ሆኖ ሸማ መሥራት ተማረ፤ ሥራውን ያየ ሁሉ እጁን ይመርቃል። አመክሮው ተፈቅዶለት የወጣ ዕለት ልብሱን በፌስታል ይዞ ደጅ ላይ ቆመ። የሚቀበለው አልመጣም። ፎርሙ ላይ ግን «ቤተሰብ አለው» በሚለው ፊት ምልክት ተደርጓል። እውነት ነው፣ አለው። እናቱ አሉ። እናቱና የሟች ቤተሰብ ግን ውኃ የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው።

ባልደረባችን ሽማግሌ ለምኖ ወደዚያ የሄደው ያን ጊዜ ነው። የሟች ታላቅ ወንድም ሽማግሌዎቹን አስገባቸው። ቡና አስፈላላቸው። ክብራቸውን አልነካም። ነገሩን ሲያነሱበት ግን «አባቶቼ፣ መፈታቱን የሰማሁት ገበያ ላይ ነው» አለ። «ሲፈታ ማን አማከረኝ? ዛሬ መጥታችሁ እሺ በል ትሉኛላችሁ።» አንደኛው ሽማግሌ ሊመልሱ አሉና ተዉት። ምን ይበሉ? ሰውየው እውነቱን ነው።

ያ ሸማኔ እስከ ዛሬ ሀገሩ አልገባም። ከተማ ውስጥ ሲሚንቶ ይሸከማል።

በእኛ ሀገር ደም ወግ አለው። ሽማግሌ ይላካል። ቄስ መስቀል ይዘው ይገባሉ። ካሳ ይቆረጣል። ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ወገን እግር ሥር ይወድቃል። ደም የሚደርቀው እንዲህ ነው። ይሄ በሳምንት የሚያልቅ ነገር አይደለም። መጀመሪያ የሄደ ሽማግሌ ባዶውን ይመለሳል፤ ሁለተኛውም እንደዚያው። በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ የሟች ዘመድ ቢኖር ሰው ይታዘበዋል። የፍርዱ ዓመታት ለዚህ በቂ ጊዜ ነበሩ። እኛ ነን ዝም ብለን የምናሳልፋቸው።

እዚህ ላይ ግን ልጠንቀቅ። ሴት ላይ በደረሰ ጥቃት ሽምግልና ሲገባ፣ ብዙ ጊዜ የተበዳይዋን አፍ ማዘጊያ ይሆናል። «ለሰፈሩ ሰላም ሲባል» የሚሉትን እኔ አልቀበልም። እዚያ የእኛ ሥራ እሷ እንዳትፈራ ማድረግ ነው። ዕርቅ ካልፈለገች አልፈለገችም።

ከደሙ ሌላ የምንረሳቸው ነገሮች አሉ። እድር አንዱ ነው። ታስሮ ወርሃዊ መዋጮውን ያልከፈለ ሰው ከመዝገብ ይሰረዛል። ተፈትቶ ሲመጣ እናቱ ቢሞቱበት ድንኳን የሚተክልለት የለም። ከእድሩ ዳኛ ጋር ቁጭ ብሎ «ውዝፉን ቀስ እያለ ይክፈል» ማለት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መሬቱም አለ። ለዓመታት ወንድሙ አርሶታል፤ ወይም ለእኩል አራሽ ተሰጥቷል። የሰውየው መምጣት ለወንድም ደስታም ስጋትም ነው። ቤት ውስጥ አዲስ ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው። ቀድሞ ያናገራቸው ሰው ቢኖር ግን ስንቱ በወሬ ያልቅ ነበር።

ሥራ ልቀጠር ሲል ደግሞ አሻራ አምጣ ይባላል። በወንጀል ሕጋችን መሰየም የሚባል ነገር እንዳለ ለታራሚዎች ስንቶቻችን ነግረናል? ሕጉ ያስቀመጠው ጊዜ ካለፈና ጠባዩ ከተመሰከረለት፣ ፍርዱ ከመዝገቡ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ በክፋት «አንተ ወንጀለኛ» ብሎ የድሮውን የሚያነሳበት ሰው ክብር በመንካት ይጠየቃል፤ እውነቴን ነው ማለትም አያድነውም። ማመልከቻ የሚጽፍለት ሰው ነው የጠፋው።

በገደብ ስለሚለቀቁትም አንድ ቃል ልበል። ዳኛ ሙያ ተማር፣ እዚህ ቦታ ኑር፣ መጠጥ አትጠጣ ብሎ ማዘዝ ይችላል። ሰውየው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል፤ በቃ፣ እዚያው ላይ ቀረ። ጎረቤታችን ኬንያ እንዲህ ያሉትን ሰዎች የሚከታተል መሥሪያ ቤት ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ አላት። ባለሙያው ገና ቅጣት ሳይወሰን ቤቱን አይቶ፣ ተበዳዩን ሰምቶ፣ ለዳኛው ሪፖርት ይጽፋል። በእኛ ወረዳዎች እንዲህ ያለ የሥራ መደብ የለም። በነገራችን ላይ ሙያችንም ቢሆን ታስሮ የተፈታ ነው። የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት አዲስ አበባ ላይ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተጀምሮ በደርግ ዘመን ተዘጋ፤ የተመለሰው በ1990ዎቹ ማለቂያ ነው። ሰላሳ ዓመት ገደማ። አመክሮም አላገኘ። ስለዚህ ቁጥራችን ማነሱ አይግረማችሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ከሰዓት በኋላ በየወረዳችሁ ስትቀመጡ ይህን ተነጋገሩበት። አመክሮ ሊደርስላቸው ሁለት ዓመት የቀራቸውን ታራሚዎች ዝርዝር ማረሚያ ቤቶቹን እንጠይቅ። ፈቃደኛ ለሆነ ታራሚ ሁሉ ሁለት ሰው ይመደብለት፤ አንዱ ወደ ቤተሰቡ ይሂድ፣ አንዱ ወደ ተበዳይ ወገን። አንድ ሰው ሁለቱንም ይያዝ የምትሉ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ትራንስፖርቱን አስባችሁ እንደሆነ ይገባኛል። እኔ ግን አልስማማም። ጠዋት ከገዳይ እናት ቤት ቡና ጠጥቶ ከሰዓት የሟች ቤት የሚገባ ሰው፣ ምንም ቢምል ላኪው ማን እንደሆነ ይጠረጠራል። በዚህ ተከራከሩ፤ ካሸነፋችሁኝ እቀበላለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ። የሰዎቹን ጉዳይ ስትነጋገሩ ከአዳራሹ አይውጣ። ደብረ ብርሃን ትንሽ ከተማ ናት፤ ሻይ ቤት ውስጥ የተነሳ ስም ማታውኑ ጠባሴ ይደርሳል።

ጉባኤው ተከፍቷል። ጸሐፊያችን፣ ሪፖርቱን ይዘህ ወደ መድረክ ና። ማሞቂያው አጠገብ የተቀመጣችሁ ደግሞ ለሸዋ ሮቢቶቹ ቦታ ልቀቁላቸው።