ከቁፋሮው በፊት የተወሰደ ናሙና፦ ስለ ፍራኪንግ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በስልክ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ለብዙዎች ይጠቅማሉ ያልናቸውን መርጠን፣ አሳጥረን አቅርበናል። የጠያቂዎቹን ስም ትተናል። ፍራኪንግ ማለት ውሃ፣ አሸዋና ኬሚካል በከፍተኛ ግፊት ወደ ጥልቅ ድንጋይ (ብዙ ጊዜ ሼል ወደሚባለው ጥቅጥቅ ያለ ድንጋይ) አስገብቶ፣ ድንጋዩን ሰንጥቆ ጋዝ ወይም ዘይት ማውጣት ነው። የምንጠቅሳቸው ግዛቶች የአሜሪካ ናቸው፤ ዓመታቱም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ፔንሲልቬንያ ነው፤ ቤታችን የሚጠቀመው የጉድጓድ ውሃ ነው። ጎረቤታችን መሬቱን ለጋዝ ኩባንያ ፈርሞ ሰጠ። ኩባንያው አሁን «ውሃችሁን በነፃ ላስመርምርላችሁ» የሚል ደብዳቤ ልኮልናል። እሺ ልበል ወይስ ልከልክል?

መልስ፦ እሺ ይበሉ፤ ግን በእሱ ብቻ አይመኑ። በ2012 የወጣው የግዛቱ ሕግ፣ አክት 13 የሚባለው፣ ከሼል ጋዝ ጉድጓድ በ2,500 ጫማ ወይም በ760 ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ያለ የውሃ ጉድጓድ ሥራው ከተጠናቀቀ በ12 ወር ውስጥ ከተበከለ፣ ጥፋቱ የኩባንያው ነው ብሎ ይነሳል። የለሁበትም የሚለው ኩባንያ ነው ማስረዳት ያለበት። ኩባንያው ከዚህ ግምት ከሚያመልጥባቸው መንገዶች አንዱ ደግሞ «ከቁፋሮ በፊት ልመርምር ብል ባለቤቱ ከለከለኝ» የሚለው ነው። ተናዶ በር የዘጋ ሰው ያንን መከላከያ በገዛ እጁ ያስረክባል።

የኩባንያው ናሙና ሰብሳቢ ሲመጣ ሁለት ነገር ይጠይቁት። አንደኛ፣ የላቦራቶሪውን ሙሉ ሪፖርት ቅጂ፤ ባለ አንድ ገጽ ማጠቃለያ አይጠቅምም። ሁለተኛ፣ በዚያው ሰዓት ከዚያው ቧንቧ የእርስዎ ላቦራቶሪ ሰው ትይዩ ናሙና እንዲወስድ። ግዛቱ ዕውቅና የሰጠው ላቦራቶሪ ይምረጡ፤ ናሙናውን ራስዎ ቀድተው በመኪናዎ ወስደው ከሰጡ ተቃራኒ ጠበቃ በቀላሉ ይጥለዋል። ከማን እጅ ወደ ማን እጅ፣ በስንት ሰዓት እንደተላለፈ የሚመዘግበው ቅጽ ከውጤቱ ጋር አብሮ መቀመጥ አለበት።

አቀዳዱም ወሳኝ ነው። ውሃው የሚቀዳው ከማጣሪያውና ከማለስለሻው በፊት ካለ ቧንቧ ነው። ፓምፑ ሠርቶ ሠርቶ የውሃው ሙቀት፣ ፒኤች (የአሲድነቱ ልክ) እና የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ መጠን መለዋወጡን እስኪያቆም ይጠበቃል፤ ያለዚያ የሚመረመረው በቧንቧ ውስጥ ያደረ ውሃ ነው። ቤንዚን (የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን benzene የሚባለው ኬሚካል) እና መሰል ተናኝ ነገሮች የሚለኩበት 40 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ጢም ብሎ መሞላት አለበት። ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ገልብጠው ያንኳኩት፤ አንዲት የአየር አረፋ ወደ ላይ ከወጣች ናሙናው እንደገና ይቀዳል፤ ሊለካ የተፈለገው ነገር ወደ አረፋዋ ያመልጣልና። ከዚያ በበረዶ ሣጥን፣ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ ውሃው ራሱ በረዶ ሳይሆን ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል።

ምን ይመርመር? ሜቴን (የተፈጥሮ ጋዝ ዋናው ክፍል)፣ ኢቴን (ሌላው የተፈጥሮ ጋዝ አካል)፣ ክሎራይድ፣ ብሮማይድ፣ ባሪየም፣ ስትሮንሺየም፣ አጠቃላይ የሟሟ ጨው፣ እንዲሁም ቤንዚን፣ ቶሉዊንና ወገኖቻቸው። ብሮማይድን ሰዎች ገንዘብ ለመቆጠብ ይሰርዙታል፤ አይሰርዙት። በኋላ ክሎራይድ ቢጨምር ኩባንያው «በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው» ሊል ይችላል። የመንገድ ጨው ብሮማይዱ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከጥልቅ ድንጋይ የሚወጣ ጨዋማ ውሃ ግን ብሮማይድ ይዞ ይመጣል። የሁለቱ ንጽጽር ክርክሩን ብዙ ያጠራዋል።

ሜቴን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በሰሜን ምሥራቅ ፔንሲልቬንያ ማንም ሳይቆፍር በፊትም በውሃ ውስጥ የነበረ ነው። ረግረግ ውስጥ በባክቴሪያ የሚፈጠረው ሜቴን ኢቴን የለውም ማለት ይቻላል፤ ከጥልቅ ድንጋይ የሚመጣው ግን ኢቴን ያጅበዋል፣ የካርቦን አይሶቶፑም (የካርቦን አተሞቹ የክብደት ድብልቅ) ይለያል። ሜቴኑ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ከደረሰ ክትትል ይፈልጋል፤ 28 ካለፈ ጋዙ ከውሃው እየወጣ በተዘጋ ክፍል ሊከማችና ሊፈነዳ ስለሚችል፣ የውሃ ጉድጓዱ ክዳን አየር ማስወጫ ይደረግለት፤ ባለሙያም ሳይውል ሳያድር ይጠራ።

ጥያቄ፦ ድንጋዩ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ እስከ መጠጥ ውሃችን ይወጣል የሚሉ አሉ፤ ኩባንያው ደግሞ በፍጹም ይላል። እውነቱ የትኛው ነው?

መልስ፦ የሼል ድንጋዩ እንደ ማርሴለስ (በፔንሲልቬንያና በአካባቢዋ ሥር እንዳለው የሼል ንጣፍ) ከ1,500 ሜትር በታች በሆነበት ቦታ፣ ከዚያ ተነስቶ እስከ መጠጥ ውሃው የሚደርስ ስንጥቅ የመፈጠር ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። ኩባንያዎችም ክርክሩ እዚያ ላይ እንዲቆይ ይወዳሉ፤ ስለሚያሸንፉበት። የፀረ ፍራኪንግ ዘመቻዎች ብዙ ጊዜ የሚሸነፉት እዚህ ወጥመድ ውስጥ ገብተው ነው። ጉዳቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከላይኛው ጥቂት መቶ ሜትር ነው፦ ከጋዝ ጉድጓዱ ሲሚንቶ፣ ከቆሻሻ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ ከቦቴ መፍሰስ።

የጋዝ ጉድጓዱ አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡ የብረት ቱቦዎች አሉት። በቱቦውና በድንጋዩ መካከል ያለው ክፍተት በሲሚንቶ ይሞላል። ንጹሕ ውሃውን የሚጠብቀው የላይኛው ቱቦ ከውሃው ንጣፍ አልፎ መውረድ፣ ሲሚንቶውም ከታች ተገፍቶ እስከ ምድር ገጽ መውጣት አለበት። ሲሚንቶው የሚበላሸው በታወቁ ምክንያቶች ነው። ቱቦው መሐል ላይ ሳይቆም ወደ አንድ ጎን ካጋደለ፣ በጠባቡ በኩል የቁፋሮ ጭቃው ሳይወጣ ይቀርና ቦይ ይፈጥራል። ሲሚንቶው ሊጠነክር ሲል ክብደቱ ጋዙን መጫን የሚያቆምበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ጋዝ ሰርጎ መንገድ ያወጣበታል። በኋላም በፍራኪንጉ ጊዜ ቱቦው በግፊት ሲነፋና ሲሟሽሽ ከሲሚንቶው ሊላቀቅ ይችላል። ስለዚህ የሚጠየቁት ሰነዶች የሲሚንቶ ሥራው መዝገብ (ሲሚንቶው ወደ ላይ መውጣቱ የተጻፈበት)፣ የሲሚንቶ ትስስር ልኬቱ (ሲሚንቶው ከቱቦው ጋር መጣበቁን የሚያሳየው) እና በቱቦዎቹ መካከል ያለው ግፊት ናቸው። ያ ግፊት አስተንፍሰውት ተመልሶ ከተጠራቀመ፣ ከታች የሆነ ቦታ ፍሰት አለ።

በፔንሲልቬንያዋ ዲሞክ በ2009 መጀመሪያ የአንድ ቤት የውሃ ጉድጓድ የፈነዳው በተጠራቀመ ሜቴን ነው። ጉዳዩ በ2022 ኩባንያው በክሱ ላይ አልከራከርም ብሎ፣ ለነዋሪዎቹ አዲስ የውሃ መስመር ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል በመስማማቱ ተቋጨ። አሥራ ሦስት ዓመት መሆኑ ነው። አስቀድሞ ስለተወሰደ ናሙና ይህን ያህል የደከምነው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ «ኬሚካሉ ግማሽ ፐርሰንት ብቻ ነው» ይላሉ። ታዲያ ምን ያስፈራል?

መልስ፦ ግማሽ ፐርሰንት የስንት? ለአንድ አግድም ጉድጓድ 16 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ቢገባ ግማሽ ፐርሰንቱ 80,000 ሊትር ነው። ውስጡ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ሰበቃ የሚቀንስ ፖሊአክሪላማይድ፣ ባክቴሪያ የሚገድል ግሉታራልዴሃይድና የመሳሰሉት ይገኛሉ። በ2005 የወጣው የፌዴራል የኢነርጂ ሕግ ፍራኪንግን፣ ዲዝል ካልተጠቀመ በቀር፣ ከመጠጥ ውሃ ጥበቃ ሕጉ የከርሰ ምድር መርጨት (ፈሳሽን በግፊት ወደ ምድር ውስጥ የማስገባት) ቁጥጥር ነፃ አድርጎታል፤ ስለዚህ ይዘቱን ማሳወቅ በአብዛኛው የግዛቶች ሕግ ጉዳይ ነው፣ «የንግድ ምስጢር» የሚል መሸሸጊያም አለው። አንድ የውሃ ቦቴ የሚይዘው 16,000 ሊትር ገደማ ነው፤ ውሃው በቦቴ ከመጣ በመንደርዎ መንገድ 1,000 ምልልስ ነው ማለት ነው። በእኛ ግምት ለአካባቢ ምክር ቤት ከኬሚካሉ ስም ዝርዝር ይልቅ ይህ ቁጥር ይሰማዋል።

ከገባው ይልቅ የሚወጣው ይብሳል። የባሕር ውሃ በሊትር 35,000 ሚሊ ግራም ገደማ ጨው አለው፤ ከማርሴለስ የሚመለሰው ከ200,000 ሊበልጥ ይችላል፤ ራዲየም የተባለ ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገርም ይዞ ይወጣል። የከተማ ፍሳሽ ማጣሪያ ጨዉንም ራዲየሙንም ለማስወገድ አልተሠራም።

ጥያቄ፦ ኦሃዮ ነን። መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ፍራኪንግ ነው ሲሉ ሌሎች አይደለም ይላሉ።

መልስ፦ ሁለቱም ይከሰታል፤ ለዩዋቸው። ትልልቆቹ መንቀጥቀጦች በብዛት የሚመጡት ቆሻሻ ውሃው ለዘለቄታው ከሚጣልባቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ውሃው በድሮ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ግፊቱን ሲጨምር፣ ሁለቱን የድንጋይ ፊቶች አጣብቆ የያዘው ኃይል ይላላና ይንሸራተታሉ። የኦሃዮዋ ያንግስታውን የዲሴምበር 31 ቀን 2011 ባለ 4.0 መንቀጥቀጥ የዚህ ዓይነት ነው። በኦክላሆማ በ2015 ብቻ 3.0 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ900 የማያንሱ ተመዝግበዋል፤ በ2016 በፖኒ 5.8 ደረሰ። በማርች 2014 በኦሃዮዋ ፖላንድ ታውንሺፕ የተሰማው ግን ከራሱ ከፍራኪንጉ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ኦሃዮ ከታወቀ ስንጥቅ በ3 ማይል ውስጥ ለሚሠሩ መለኪያ መሣሪያ እንዲተክሉ አስገደደች።

በቆሻሻ መጣያ ጉድጓድ ፈቃድ ላይ የምትጠይቁት፦ በቀን ስንት በርሜል፣ በምን ያህል ግፊት፣ ከመሠረት ድንጋዩ በስንት ሜትር ከፍታ፣ ስንት ሬክተር ሲመዘገብ ሥራው ይቆማል። መርጨት ሲቆምም መንቀጥቀጡ ወዲያው ላይቆም ይችላል፤ በዴንቨር አቅራቢያ በ1966 መርጨቱ ቢቆምም ትልቁ የመጣው በ1967 ነው።

ጥያቄ፦ ከተማችን ፍራኪንግን በሕዝብ ድምፅ ብትከለክል ይጸናል?

መልስ፦ የግዛቱ ሕግ ነው የሚወስነው። የቴክሳሷ ዴንተን በኖቬምበር 2014 በሕዝብ ድምፅ ከለከለች፤ በሜይ 2015 ግዛቱ የከተሞችን ሥልጣን የሚነጥቅ ሕግ አወጣና ከተማዋ በወሩ ክልከላዋን ሰረዘች። የኮሎራዶዋ ሎንግሞንት የ2012 ክልከላም በ2016 በግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደቀ። በኒው ዮርክ ግን ድራይደንና ሚድልፊልድ የተባሉ ከተሞች በጁን 2014 በፍርድ ቤት አሸነፉ። የመንገዱን ልዩነት ልብ በሉ፦ እነሱ «እንዴት ይቆፈር» የሚለውን አልነኩም፤ ያ የግዛቱ ነው። «የት» የሚለውን ያዙ፤ እሱ የመሬት አጠቃቀም ሥልጣናቸው ነውና። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የግዛቱ መንግሥት ራሱ ከለከለ፤ በ2020 ደግሞ ሕግ ሆነ። ስለዚህ ፊርማ ከመሰብሰባችሁ በፊት የመሬት አጠቃቀም ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሩ፤ አንቀጹ እንዴት እንደሚጻፍ ከፊርማው ብዛት ይበልጣል።

ጥያቄ፦ በሕዝብ ችሎቱ ላይ ለእያንዳንዳችን ሦስት ደቂቃ ተሰጥቶናል። ምን ብንል ይሻላል?

መልስ፦ ሃያ ሰው ተነስቶ «ፈርተናል» ቢል መዝገቡ ላይ አንድ ሐሳብ ነው። ተከፋፈሉት። አንዱ ስለ ቦቴዎቹ መንገድና ስለ ትምህርት ቤት መግቢያ ሰዓት፣ አንዱ ስለ ቆሻሻ ውሃው መድረሻ፣ አንዱ ስለ ጩኸቱ በዴሲቤል፣ አንዱ ስለ መዝጊያ ዋስትናው (ኩባንያው ጉድጓዱን ለመድፈን የሚያስይዘው ገንዘብ) ይናገር። ሁሉም የተናገረውን በጽሑፍ፣ የፈቃዱን ቁጥር ጽፎ፣ ለመዝገቡ ያስገባ፤ ይግባኝ ሲባል ፍርድ ቤት የሚያየው ወረቀቱን ነው። «አይሆንም» ካሉ በኋላ «ከተፈቀደም» ብለው ግዴታዎቹን ይዘርዝሩ፦ የጭቃ ጉድጓድ ቀርቶ የብረት ታንከር፣ ከዲዝል ይልቅ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መቆፈሪያ፣ ጋዙን ከማቃጠል ይልቅ የሚይዝ መሣሪያ፣ የማያቋርጥ የአየር ልኬት። አንዳንድ ዘመቻ አራማጆች ይህን እጅ መስጠት ነው ይላሉ። አንስማማም፤ ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ግዴታ ማስጨመር እጅግ ከባድ ነው።

ዋስትናውን አትዝለሉት። በፌዴራል መሬት ላይ ለአንድ ሊዝ የሚያዘው ትንሹ ዋስትና ለአሥርት ዓመታት 10,000 ዶላር ሆኖ ኖሮ በ2024 ነው ወደ 150,000 ከፍ እንዲል የተወሰነው። አንድ ጉድጓድ በአግባቡ መድፈን ግን ከ100,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ኩባንያው ቢከስር ቀሪው በግብር ከፋዩ ላይ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ የሊዝ ወኪል በር አንኳክቶ «ጎረቤቶችህ ሁሉ ፈርመዋል» አለኝ።

መልስ፦ ዛሬ አይፈርሙ፤ ጎረቤቶችዎንም ይጠይቁ። ሮያሊቲው (ከሚወጣው ጋዝ ሽያጭ ለመሬቱ ባለቤት የሚደርሰው ድርሻ) ከምን እንደሚሰላ ይመልከቱ፦ የማጓጓዣና የማጣሪያ ወጪ ከእርስዎ ድርሻ የሚቀነስ ከሆነ 12.5 ፐርሰንቱ በእጅዎ ሲደርስ ሌላ ቁጥር ነው። ያልተቆፈረበት መሬት የውሉ ዘመን ሲያልቅ ነፃ እንዲወጣ ያስጽፉ፤ ያለዚያ አንድ ጉድጓድ ሁሉንም ይዞት ይቀራል። በመሬቱ ላይ ምንም እንዳይተከልም ማስጻፍ ይቻላል።

ጥያቄ፦ ኮሎራዶ ውስጥ አዲስ ቤት ልንገዛ ነው። ከሰፈሩ አጠገብ የቆየ የጋዝ ጉድጓድ አለ። ኮሎራዶ 2,000 ጫማ የሚል ሕግ አላት አይደል?

መልስ፦ እሱ፣ ያውም ከነልዩ ሁኔታዎቹ፣ አዲስ ቁፋሮ ወደ ቤት እንዳይጠጋ ነው፤ አዲስ ቤት ወደ ድሮ ጉድጓድ እንዳይጠጋ አይደለም። ሻጮች ይህን ሲያምታቱ ይታያል።

በኤፕሪል 2017 በፋየርስቶን አንድ ቤት ፈንድቶ ሁለት ሰው ሞተ። ጋዙ የመጣው ከጉድጓዱ ጋር እንደተያያዘ ከቀረ፣ ቤቱ አጠገብ ተቆርጦ ከተጣለ ባለ አንድ ኢንች የመሬት ውስጥ ቱቦ ነው። ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የነበረው ጉድጓድ እንደገና ሲከፈት ጋዙ በተቆረጠው ጫፍ ወደ አፈሩ፣ ከአፈሩም ወደ ምድር ቤቱ ገባ። ወደ ቤት የሚመጣ ጋዝ የሚሸተው ሽታ ስለሚጨመርበት ነው፤ ከጉድጓድ በቀጥታ የሚወጣው ግን ያ ሽታ የለውም። አፍንጫዎን አይመኑ።

ከመፈረምዎ በፊት በግዛቱ የኢነርጂና ካርቦን ኮሚሽን ካርታ ላይ የጉድጓዱን ቁጥር ያውጡ፤ ከቁጥሩ ተነስተው ይሠራል ወይስ ተደፍኗል፣ ከእሱ የሚነሱት ቱቦዎች የት ያልፋሉ፣ የተተዉት ጫፋቸው መታሸጉ ተመዝግቧል ወይ የሚለውን ይፈልጉ። «ተዘግቷል» እና «ተደፍኗል» አንድ አይደሉም፤ የተዘጋ ነገ ሊከፈት ይችላል። ከገቡ በኋላ የሜቴን ጠቋሚ ይግጠሙ፤ ሜቴን ከአየር ስለሚቀል ከጣሪያው ከ30 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ዝቅታ ላይ ይሁን፣ ምድር ቤቱም የራሱ ይኑረው። ከጮኸ መብራት አያብሩም፣ አያጠፉም፤ ሁሉም ይውጣ፤ 911 የሚደወለው ከውጭ ሆኖ ነው።