የእንግሊዝኛ ጥናታችን ባዮሎጂ ክፍል ይግባ

የተከበራችሁ መምህራን፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ ከትምህርት ቢሮ የመጣችሁ ባለሙያዎች፤ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ ይዤ የመጣሁት አንድ ሐሳብ ነው። እንግሊዝኛ ልጆቻችንን ከሁሉ በላይ የሚጥላቸው በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አይደለም። ባዮሎጂ፣ ፊዚክስ፣ ጂኦግራፊ ክፍል ውስጥ ነው። እኛ በተግባራዊ ሥነ ልሳን፣ ማለትም ቋንቋ በትምህርትና በኑሮ እንዴት እንደሚሠራ በሚያጠናው ዘርፍ፣ የሠለጠንን ሰዎች ግን ወደዚያ ክፍል ብዙም ብቅ አንልም። ጥናታችን የእንግሊዝኛ መምህሩ ጋ ጀምሮ እዚያው ያልቃል። ይህ መቀየር አለበት ብዬ አምናለሁ።

እስቲ አንድ ዘጠነኛ ክፍል አብረን እንግባ። ባዮሎጂ ነው፤ ርዕሱ ፎቶሲንተሲስ። መምህሩ ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ ይጽፍና ያነበዋል። ከዚያ ጠመኔውን ይዞ ወደ ተማሪዎቹ ይዞርና እንደ አካባቢው በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ወይም በሲዳሙ አፎ ማስረዳት ይጀምራል። ውሃው ከሥር ይመጣል፣ ቅጠሉ ብርሃን ይቀበላል፣ ከአየሩ ደግሞ ይህን ይወስዳል። ክፍሉ ይነቃል። አንዷ እጇን ታወጣና "ታዲያ ማታ ማታስ ተክሉ ምን ይሠራል?" ትላለች። ሳይንስ የሚጀምረው እንዲህ ካለ ጥያቄ ነው። መምህሩ ባጭሩ ይመልስላትና ወደ እንግሊዝኛው ይመለሳል። ኖት ያስጽፋል። ሲጨርስ "ኢዝ ኢት ክሊር?" ይላል። "ዬስ ቲቸር!" ይላል ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

ይህን "ዬስ" ሁላችንም እናውቀዋለን። ኪት ቺክ የተባለው ተመራማሪ በደቡብ አፍሪካ፣ የዙሉ ልጆች በሚማሩበት ክፍል፣ ይህንኑ የኅብረት መልስ ቁጭ ብሎ አጥንቶታል። መምህሩም ተማሪውም እንዳያፍሩ ሳይነጋገሩ የሚስማሙበት ንግግር ነው ይላል። መምህሩ ያስተማረ ይመስላል፤ ተማሪውም የገባው ይመስላል። ማንም አልተዋረደም። ትምህርቱ ግን የለም። ቺክ መምህራኑን አልወቀሰም፤ እኔም የእኛን መምህራን አልወቅስም። መምህሩ የቻለውን አድርጓል። በልጆቹ ቋንቋ አስረድቷል፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ ደግሞ በእንግሊዝኛ አስጽፏል። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ግን ይህንኑ እንደ ጥፋት ይደብቀዋል። ያን ቀን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ያን ቀን ስለ ማታው የምትጠይቅ ልጅም አትኖርም።

አሁን ልጅቷ የጻፈችውን ኖት እንይ። ክሎሮፊል የሚለውን ታውቀዋለች። ክሎሮፕላስትንም እንዲሁ። መምህሩ አስረድቷቸዋል፣ ሥዕልም ሠርቷል። የምትሰናከለው ሌላ ቦታ ነው። "ኮንቨርት"፣ "ዲፔንድ ኦን"፣ "ኮንሲስት ኦፍ"፣ "ዌርአዝ" የሚሉት ላይ። እነዚህ የባዮሎጂ ቃላት አይደሉም፤ ስለዚህ የባዮሎጂ መምህሩ አያስረዳቸውም። የእንግሊዝኛ መምህሯ ሥራ ናቸው ብሎ ያስባል። የእንግሊዝኛ መምህሯ ደግሞ በዚያ ሳምንት ፕረዘንት ፐርፌክት ላይ ናት። ቃላቱ ባለቤት የላቸውም።

ይህ የእኛ ልጆች ብቻ ችግር አይደለም። በብሪታንያ ካስልስና ጆንስቶን እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጥናት፣ የኬሚስትሪ ተማሪዎችን የሚያደናግሯቸው የሙያው ቃላት ብቻ ሳይሆኑ በትምህርቱ ውስጥ አዲስ ትርጉም ይዘው የሚመጡ ተራ የእንግሊዝኛ ቃላትም መሆናቸውን አሳይተዋል። እንግሊዝኛ አፍ የፈቱ ልጆች ናቸው እንዲህ የሆኑት! አቭሪል ኮክስሄድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 በየትኛውም የትምህርት ዘርፍ የሚደጋገሙ 570 የቃል ቤተሰቦችን፣ ማለትም አንድን ቃል ከነእርባታው እንደ አንድ የሚቆጥሩ ስብስቦችን፣ ዝርዝር አወጣች። አንድ የከፍተኛ ትምህርት መጽሐፍ ውስጥ ካሉት ቃላት ወደ 10 በመቶ የሚጠጉትን እነዚህ ይሸፍናሉ። 570 ብዙ አይደለም። ከሰባተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል ተከፋፍሎ በደንብ ሊሠራበት የሚችል ቁጥር ነው። ግን ማን ይሥራበት? የእንግሊዝኛው ክፍል ወይስ የሳይንሱ?

ስለ ቃላት ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነውና። ሁ እና ፖል ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 አንባቢ አንድን ጽሑፍ ያለ ረዳት እንዲረዳ ከቃላቱ ስንቱን ማወቅ አለበት ብለው ፈተኑ። መልሱ ወደ 98 በመቶ ነው። ማለትም ከ50 ቃላት አንዱን ብቻ ባያውቅ ነው። ከአምስት ቃላት አንዱን የማያውቁት አንባቢዎች ዘንድ ደግሞ ጽሑፉን በበቂ ሁኔታ የተረዳ አንድም አልተገኘም። እንግዲህ የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፍ አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጉና ለተማሪዎቻችሁ አድሉ። "የማታውቁት ቃል ሥር አስምሩ" በሏቸው። ስማቸውን እንዳይጽፉ ንገሯቸው፤ ካልሆነ ያፍሩና አያሰምሩም። ከዚያ ቁጠሩት። በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ ሥራ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም። የሚመጣው ቁጥር ግን መጽሐፉ ልጁን እያስተማረው መሆን አለመሆኑን ይነግራችኋል።

አንዳንዶቻችሁ "መፍትሔው እንግሊዝኛን ቀደም ብሎ መጀመር ነው" ትሉ ይሆናል። ብዙ ወላጅም እንዲህ ነው የሚያስበው። ወላጆችን አልፈርድባቸውም። ልጃቸው እንዲያልፍለት ነው የሚፈልጉት፤ ሥራው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ውጭ አገሩም እንግሊዝኛ ይጠይቃል። ፍላጎታቸው ትክክል ነው። መንገዱ ላይ ግን የምርምሩን ቃል ልንነግራቸው ይገባል።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲወስዱ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲማሩ ደነገገ። ክልሎች ግን በተለያየ ጊዜ ነው ወደ እንግሊዝኛ የተሻገሩት። አንዳንዱ አምስተኛ ክፍል ላይ፣ አንዳንዱ ሰባተኛ ላይ፣ አንዳንዱ እስከ ስምንተኛ ጠብቆ። ሳይታሰብ ለተመራማሪ ትልቅ ዕድል ተፈጠረ። ካትሊን ሂው፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ ገብረ ዮሐንስ በትምህርት ሚኒስቴር ተጠይቀው ይህንን አጠኑ፤ ሪፖርታቸውም እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣ። ስምንት ዓመት ሙሉ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተማሩት በስምንተኛ ክፍል ምዘና፣ በተለይ በሒሳብና በሳይንስ፣ የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ቀድመው ወደ እንግሊዝኛ የተሻገሩት አልቀደሙም።

ከዚያ በፊትም ናይጄሪያ ውስጥ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1970 በባብስ ፋፉንዋ መሪነት ኢፌ ከተማ ላይ አንድ ቡድን ስድስቱንም ዓመት በዮሩባ ተማረ፤ እንግሊዝኛን እንደ ትምህርት በደንብ ወሰደ። ሌላው ቡድን እንደተለመደው ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። በዮሩባ የቆዩት በሌሎቹ ትምህርቶች በለጡ፤ በእንግሊዝኛም ቢሆን አላነሱም።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ጂም ከሚንስ የተባለው ተመራማሪ ካናዳ ውስጥ በስደተኛ ልጆች ላይ ያየው ነገር ይረዳናል። ልጆቹ በጥቂት ዓመታት የጨዋታ እንግሊዝኛ ይለምዳሉ፤ ለትምህርት የሚሆነውን እንግሊዝኛ ለማግኘት ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጅባቸዋል። ልብ በሉ፣ እነዚያ ልጆች ሱቁም ጎረቤቱም ቴሌቪዥኑም እንግሊዝኛ የሆነበት አገር ናቸው። የወልድያው ወይም የጊምቢው ልጅ ከትምህርት ቤቱ በር ሲወጣ እንግሊዝኛው እዚያው ይቀራል። ከእሱ ግን የካናዳውን ያህል እንጠብቃለን፤ ያውም በአጠረ ጊዜ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 በመቶ። አገር ደነገጠ። ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ላይ ማላከክ ትክክል አይደለም፤ ጦርነት ነበር፣ ኮቪድ ነበር፣ ኩረጃ የሸፈነው ብዙ ነገርም ነበር። ነገር ግን ያ ልጅ የወደቀው ፊዚክሱን ስላላወቀው ነው ወይስ ጥያቄው ስላልገባው? ይህን መለየት የእኛ ሙያ ነው። ተመሳሳይ የፊዚክስ ጥያቄ ለግማሹ ክፍል በእንግሊዝኛ፣ ለግማሹ ልጆቹ በሚያውቁት ቋንቋ ስጡና ልዩነቱን ለኩ። ትርጉሙን ለሌላ መምህር አስገምግሙ። ለማስተርስ ከበቂ በላይ የሆነ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ቤት በግልጽ ልናገር። ብዙዎቹ የመመረቂያ ጽሑፎቻችን ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነዋል። "የእንግሊዝኛ መምህራን ለተግባቦታዊ ዘዴ ያላቸው አመለካከት" ይባላል፤ የትምህርት ቤቱ ስም ብቻ ይቀየራል። መጠይቅ ይበተናል። "በጣም እስማማለሁ" የሚለው ላይ ምልክት ይደረጋል። ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ቁጥሩን ያወጣል። ጽሑፉ ይታሰርና መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። መጠይቁን የሞላችው መምህርት ምን እንደተገኘ አንድም ቀን አይነገራትም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተማሪ ሌላ መጠይቅ ይዞ ይመጣባታል። አዝናለሁ፤ ይህ ለእሷ ክብር አይደለም።

ፕላዝማውን፣ ያንን የክፍል ቴሌቪዥን ትምህርት፣ አስታውሱ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ወደየሁለተኛ ደረጃው መጣ። እንግሊዝኛው ይፈጥን ነበር፤ ማቆሚያ የለውም። ልጁ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሲፈታ ፕላዝማው አራተኛው ላይ ደርሷል። መምህሩ ጥግ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ያንን ያየ የክፍል ምልከታ ቀድሞ ተሠርቶ ቢሆን፣ ውጤቱም ሳይውል ሳያድር ለሚወስኑት ሰዎች ቢደርስ፣ ብዙ ልጅ ይተርፍ ነበር። መጠይቅ እንዲህ ያለውን ነገር አያሳይም። ክፍል ገብቶ መቀመጥ ነው የሚያሳየው።

ስለዚህ ርዕስ የምትመርጡ ተማሪዎች፤ ባዮሎጂ ክፍል ግቡ። ድምፅ ቅረጹ፣ አስፈቅዳችሁ። መምህሩ መቼ ወደ ልጆቹ ቋንቋ እንደሚዞር፣ መቼ እንደሚመለስ፣ ልጆቹ መቼ እንደሚጠይቁ ጻፉ። ቋንቋ ማቀላቀሉን እንደ ጥፋት አትቁጠሩት፤ አንዳንዱ መምህር በጣም በብልሃት ነው የሚያቀላቅለው፤ ያ ብልሃት ለሌላው መምህር ሊተርፍ ይችላል። የባዮሎጂ መምህሩንና የእንግሊዝኛ መምህሯን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧቸው። በዚህ ሳምንት የሚመጡትን አሥር ቃላት ይምረጡ፤ አንዱ በሳይንሱ፣ አንዷ በእንግሊዝኛው ያስተምሯቸው። ለውጥ መጥቶ እንደሆነ ለኩ።

ስትጨርሱ ሁለት ገጽ ጻፉ፤ መምህራኑ በሚያነቡት ቋንቋ። ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ስታፍ ውስጥ አንብቡላቸው።

አማካሪ የሆናችሁ ባልደረቦቼ፣ ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ተማሪያችሁ ከሥነ ሕይወት ወይም ከፊዚክስ ትምህርት ክፍል ሁለተኛ አማካሪ ልያዝ ሲል "ይህ የእኛ ዘርፍ አይደለም" ብላችሁ አትመልሱት። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ይህ አሠራር በዚህ ዓመት እንዲፈቀድ የጽሑፍ ሐሳብ አዘጋጅቻለሁ፤ ከሻይ ዕረፍቱ በኋላ እንድትወያዩበት አድላችኋለሁ።

አመሰግናለሁ።