የእማዬ መስቀልስ?

እንደምን ዋላችሁ። ተመራቂዎች፣ ወላጆች፣ ከጣፎ እስከ ሰሚት ስቱዲዮ የከፈታችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ እንኳን ደስ አላችሁ።

ስለ ፎቶ ሙያችን ጠቅለል አድርጌ እንድናገር ነበር የተጠየቅሁት። እኔ ግን ዛሬ ስለ ቆዳ ልናገር ነው የመጣሁት።

አያት አደባባይ አጠገብ የነበረችውን ጠባቧን ስቱዲዮዬን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። አንድ ምሽት ልዘጋ ስል አንዲት ልጅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። እናቷ አርፈዋል። ከሁለት ዓመት በፊት እኔው ነበርኩ ፎቶ ያነሳኋቸው። ለቅሶ ቤት የሚቀመጥ ነውና አሳድገህ አትምልኝ አለችኝ። እኔም ላስደስታት ብዬ ፊታቸውን በሙሉ በብለር፣ ምስል በሚያደበዝዘው መሣሪያ፣ አለሰለስኩት። የግንባራቸውንና የአንገታቸውን ንቅሳት በሂሊንግ ብሩሽ፣ ጉድለት በሚሸፍነው የኮምፒውተር ብሩሽ፣ ጠረግኩት። ፊታቸው ጠራልኝ ብዬ ኮርቼ ነበር።

ልጅቷ ፍሬሙን ተቀብላ ብዙ አየችው። ከዚያ ጣቷን ግንባራቸው ላይ አሳረፈችና፣ «የእማዬ መስቀልስ?» አለችኝ። በልጅነታቸው አገር ቤት የተነቀሱት መስቀል ነው። «ይቺ እማዬ አይደለችም» ብላ አለቀሰች።

ደግነቱ ኦርጅናሉ ነበረኝ። ሌሊቱን እንደ አዲስ ሠርቼ፣ ሳይነጋ ድንኳኑ ድረስ ወሰድኩላት።

ከዚያ ወዲህ ፊት ላይ ብሩሽ ከማሳረፌ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ይሄ ነገር በሚቀጥለው ወር እዚህ ይኖራል? ብጉር ከሆነ አይኖርም፤ አጠፋዋለሁ። ጠባሳ፣ ንቅሳት፣ ማርያም የሳመችው ምልክት ከሆነ ግን የሰውየው ነው። ካልጠየቀኝ አልነካውም።

ብለር ያለ ልክ ሲሆን የቆዳውን ቀዳዳዎች ይውጣቸዋል። ፊቱ ላስቲክ የሚመስለው ለዚህ ነው። ፍሪኩዌንሲ ሴፓሬሽን፣ ፎቶውን በሁለት ሌየር ማለትም ንብርብር መክፈልን፣ የተማራችሁት ይሄን እንድታመልጡበት ነው። ቀለሙና ጥላው በታችኛው ሌየር፣ ቀዳዳውና ደቃቁ መስመር በላይኛው ይቀመጣል። የተዥጎረጎረ ቀለም ካለ ታች አስተካክሉ፤ ላይኛውን ተዉት። ሂሊንግ ብሩሽም ከፈረንጆቹ 2002 ጀምሮ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሙ ፎቶሾፕ ውስጥ አለ። የጎረቤቱን ቆዳ ወስዶ ከቦታው ቀለምና ብርሃን ጋር ያዋህዳል። በትንሽ በትንሹ ከሠራችሁበት ቆዳው ቆዳ ሆኖ ይቀራል። 300 ፐርሰንት አጉልታችሁ አትዋሉ፤ ደንበኛው ፎቶውን የሚያየው ከሳሎን ግድግዳ ላይ ነው። ስትጨርሱ ደግሞ የሠራችሁበትን ሌየር ኦፓሲቲ፣ ማለትም ድፍነቱን፣ ቀነስ አድርጉና እንደገና እዩት።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። ሳንጠየቅ ፊት እናቀላለን! ጠይሟ ሙሽራ ገብታ ሌላ ሴት ሆና ትወጣለች። አባቷ አልበሙን ሲገልጥ ልጁን ይፈልጋል። ጠይም መሆን ስህተት ነው ያለው ማነው? ጠይም ፊት ፎቶ ላይ ከጨለመ ጥፋቱ የኛ የመብራት አያያዝ ነው! ሰፊ ሶፍትቦክስ፣ መብራት የሚያለሰልሰውን ሳጥን፣ ከጎን አቅርቡ፤ ኤክስፖዠሩን፣ ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን፣ በፊቷ ለኩ። በነጭ ቬሎዋ አትለኩ። ያኔ ኮምፒውተር ላይ የምታቀሉት ነገር አይኖርም።

ስለ ዋጋ አስተማሪዎቻችሁ ነግረዋችኋል፤ አልደግመውም። ኦርጅናሉን ግን በሁለት ቦታ አስቀምጡ።

የዛሬውን የምረቃ ፎቶ እኔ ነኝ የማነሳው። ሐሙስ መጥታችሁ ውሰዱ። ብጉር ያለባችሁ ካላችሁ አጠፋላችኋለሁ። ሌላው እንዳለ ነው።

አመሰግናለሁ።